አንዴ ነካሁት፣ ሠላሳ ጊዜ ሰማኝ

ቁልፍ አንዴ ተጭኖ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ካላመናችሁ ሊፍት በር ላይ ቆማችሁ ታዘቡ። ቀድሞ የመጣው ሰውዬ ተጭኗል፤ መብራቱ በርቷል፤ ሊፍቱ እየወረደ መሆኑን ከላይ ያለው ቁጥር ይናገራል። ሁለተኛው ሰው ይመጣል፤ የበራውን መብራት በዓይኑ በብረቱ ያየዋል፤ አይቶም ይጫነዋል። ሦስተኛዋ ወይዘሮ ቦርሳዋን ወደ ክንዷ ሰቀል አድርጋ፣ «እነዚህ ሁለቱ መቼ ይችሉበታል» በሚል ፊት፣ ጠበቅ አድርጋ ትጫነዋለች። ሊፍቱ ሲደርስ ሦስቱም በሆዳቸው «እኔ ባልደርስ ኖሮ እዚሁ ልታድሩ ነበር» ይላሉ። አራተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ የመጣውም በእኔ ነው።

ሊፍት ግን ጨዋ ዕቃ ነው። አንዴ ከሰማ ሰማ፤ የቀረውን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል። ቡጢ ብታሳርፉበትም የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው። ጉዱ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። እሱ የነካችሁትን ሁሉ ይቆጥራል፤ «መቼም ሳያውቁት ነው» ብሎ ማለፍ አልፈጠረበትም። ሰው ቁጭ ብሎ ካላስተማረው በስተቀር የመጀመሪያዋን ንክኪ ከሠላሳኛዋ አይለይም። ስለ አስተማሪዎቹም የማወራው አለኝ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ተጫኞቹ፣ ማለት ስለ እኛ።

ወረዳ ደጃፍ ላይ ከተደረደሩት የኮምፒውተር ጽሑፍና ኮፒ ቤቶች ባንዷ ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ጋሼ የአጥር ማመልከቻ ያስጽፋሉ። ማስጻፍ ስላችሁ ወንበር ስቦ መናገር እንዳይመስላችሁ። ቆመው፣ በጸሐፊዋ ትከሻ ላይ አጎንብሰው፣ እያንዳንዱ ፊደል ሲወጣ በከንፈራቸው እያጀቡ ነው። ልጅቷ «ጉዳዩ፡- የአጥር ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብላ እንደጨረሰች ጋሼ ደከማቸውና ክርናቸውን ኪቦርዱ ግራ ጫፍ ላይ አሳረፉ። «ቅ» የምትወጣው ቁልፍ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ ናት። ስክሪኑ «ስለመጠየቅቅቅቅቅቅቅቅቅቅቅ» እያለ መስመሩን ሞልቶ ወደ ታች ተሻገረ። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንብበው ሲያበቁ፣ «ተዪው ልጄ፣ አጥብቀን መጠየቃችን ይታወቅ» አሏት።

ልጅቷ ግን ለሥራዋ ኩሩ ናት። ባክስፔስን ተጭና ያዘች። ቅዎቹ ተራ በተራ ተበሉ። እዚያ ላይ መልቀቅ ነበረባት፤ ግን ባክስፔስን ይዞ በልኩ የለቀቀ ሰው ማን አለ? መጠየቁም ሄደ፣ ፈቃዱም ሄደ፣ አጥሩም ፈረሰ፤ ቆሞ የተገኘው «ጉዳዩ» ብቻ ነበር።

አንድ ክርን ያን ሁሉ ቅ ከየት አመጣው? ኪቦርድ ተጭነው ሲይዙት ለትንሽ ጊዜ ይታገሣል። ካልለቀቁት «ይደገም ማለታቸው ነው» ብሎ ይጀምራል። ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ትዕግሥቱ፣ እንደ አስተካከላችሁት፣ ከሩብ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ነው። ከዚያ ወዲያ በፈጣኑ ከተስተካከለ በሰከንድ ወደ 30 ጊዜ ያህል ይደጋግማል። አዲስ ፈሊጥም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድም እንዲሁ ያደርግ ነበር። እንግዲህ ጋሼ ለሁለት ሰከንድ እንኳ ቢያርፉ አርባ ምናምን ቅ ያስመዘግባሉ ማለት ነው። ደመወዝ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖር ማናችንም ክርናችንን ባላነሳን።

መደጋገሙ ክፉ ነው እንዳልል ደግሞ የአገራችን ደብዳቤ ግማሹ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ርዕስ መሐል ላይ እንዲሆን ምን እናደርጋለን? ስፔስን ተጭነን እንይዛለን፤ ጭንቅላታችንን ዘንበል አድርገን «ትንሽ ወደ ቀኝ… አሁን… አለፈ!» እያልን። ወደሚቀጥለው ገጽ ለመሻገርስ? ኢንተርን ተጭነን እንይዛለን፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ። መሐል ማድረጊያው ምልክት እዚያው ከላይ ቁጭ ብሎ ያየናል። እኛ ግን የምናምነው ስፔስን ነው። ከዚያ ፋይሉ በፍላሽ ወደ ሌላ ቢሮ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፊደሉን ትንሽ ወፈር አድርጎ ይከፍተዋል፤ ርዕሱ ቀኝ ጥግ ተለጥፎ፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ብቻውን ሦስተኛ ገጽ ላይ ቆሞ ይገኛል። ኃላፊውም ባዶ ወረቀት ላይ ያለችውን ሰላምታ ፈርመውና ማኅተም መትተው ይመልሷታል።

ይህ የመደጋገም ጉዳይ ከእኛም ይልቅ የሚያሳብዳቸው ሰዎች አሉ፤ ድረ ገጽ የሚሠሩት ልጆች። በእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አለ። ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። እናቱ «ሥራ ላይ ነው» ስትል ጎረቤት «እሺ» ይልና ፊቱን አዙሮ ይሳሳቃል፤ ፒጃማ ለብሶ ሥራ የለማ። ነገር ሲጠናበት ቡና ሊጠጣ ይወርድና ችግሩን ለእኛ ይዘረግፈዋል። አይገባንም፤ ግን እንፈርዳለን። ቡና ላይ ያልገባን ነገር ፍርድ ከልክሎን አያውቅም።

አንድ ሰሞን የሠራው የመልእክት መላላኪያ ገጽ ነበር። ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር ትጫናላችሁ፣ ይሄዳል። እሱ በቀጭን ጣቱ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ እያደረገ ፈተነው፤ አንደኛ ነው። ያሠሩት ሰውዬ መጡ። እኚህ ሰው ጣታቸው ከባድ፣ ወሬያቸውም ረጅም ነው። «ሰላም ነው?» ብለው ጻፉ፣ ኢንተርን ተጫኑ፣ ሳይለቁት ስለ ቢሮ ኪራይ ያጫውቱት ጀመር። ጨዋታው ሲያልቅ «ሰላም ነው?» ለሠራተኛው ሁሉ መቶ ምናምን ጊዜ ደርሷል። ልጁ ላብ አጠመቀው። በኋላ ሲጣራ ግን ከተቀባዮቹ አብዛኞቹ ምንም እንግዳ ነገር አላዩበትም። እኛ ፊት ለፊት ስንገናኝም ያው አይደለም እንዴ? «ደህና ነሽ? ሰላም ነሽ? ቤተሰብ ደህና? ደህና ነሽ ወይ? ልጆች ሰላም?» መልስ የሚጠብቅ የለም። አንዷማ «ዛሬ ጋሼ ደስ ብሏቸዋል» አለች አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ የሙያ ነገር ላውራ፤ ከቡናው ላይ የለቀምኩትን። ቁልፍ ሲወርድ ብራውዘሩ «ኪዳውን» የሚል ወሬ በጃቫስክሪፕት ለተጻፈው ፕሮግራም ይነግረዋል፤ ሲለቀቅ «ኪአፕ» ይለዋል። ችግሩ ቁልፉ ተይዞ ከቆየ ኪዳውን አሁንም አሁንም መምጣቱ ነው። ግን ብራውዘሩ አያጭበረብርም። እየደጋገመ በሚያመጣው ወሬ ላይ ሁሉ «ሪፒት» የምትባል ምልክት ያደርግበታል፦ የመጀመሪያው ላይ «አይደለም»፣ ከዚያ ወዲያ ባሉት ላይ «አዎ»። ስለዚህ ሥራው አንዲት መስመር ናት፤ «ሪፒት አዎ ካለ ተመለስ»። አለቀ። እኚያ ሰውዬ ኢንተር ላይ ተኝተው ቢያድሩ እንኳ የምትሄደው አንዲት ሰላምታ ናት።

ግን በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር ማን ይወዳል? ባለሙያ ሲባል ደግሞ የባሰ ነው። ቧንቧ ሠሪ ሻወሩን አይቶ «ጎማዋን ልቀይርና ልሂድ» ያለበትን ቀን ታስታውሳላችሁ? ልጁም ሪፒትን ከማንበቡ በፊት የራሱን ጥበብ ፈጠረ። «ተይዟል» የምትል ማስታወሻ ለፕሮግራሙ ሰጠው። ቁልፉ ሲወርድ «ተይዟል» ብሎ ይጽፋል፤ ተይዞ ሳለ ሌላ ቢመጣ አይሰማም፤ ሲለቀቅ ይሰርዘዋል። ስትሰሙት ደስ ይላል። በጨዋታም ላይ ሞከረው፤ ቀስቷን ሲጫኑ ጀግናው ይሮጣል፣ ሲለቁ ይቆማል።

የጨዋታው ፈታኝ ታናሽ ወንድሙ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ነው። ይህ ዕድሜ ኪቦርድ ላይ አንድ ነገር አሳምሮ ያውቃል፦ የእናት ኮቴ ሲሰማ ኦልትና ታብን ነክቶ ወደ ሒሳብ ገጽ መሸሽ። ልጁ ቀስቷን እንደያዘ ሸሸ፤ ከዚያ ለቀቀ። የተለቀቀው ግን ሌላ መስኮት ላይ ስለሆነ ጨዋታው ወሬውን አልሰማም፤ ማስታወሻው «ተይዟል» እንዳለ ቀረ። እናት ሒሳብ የሚያጠና ልጇን ራሱን ዳብሳ፣ ቆሎ አስቀምጣለት ወጣች። ልጁ ሲመለስ ጀግናው ግድግዳ ላይ ተደፍቶ እግሩ አሁንም ይሮጣል። በዚያ ቤት የዚያን ቀን በእውነት የደከመው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ታላቅየው «ዋንስ» የምትባለዋን አገኘ። ምን ያህል እንደፈነደቀ ብታዩ! ብራውዘሩን «ይህን ቁልፍ አድምጥልኝ» ሲሉት ከጎን «ዋንስ፦ አዎ» ብለው ቢጨምሩበት አንዴ አድምጦ ራሱ ይሰናበታል። ከዋነኞቹ ብራውዘሮች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ ተቀብለዋታል። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ደግሞ ጆን ሬዚግ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጄኩዌሪ ውስጥ «ዋን» በምትባለው ይገለገል ነበር። ልጁ ይቺን አስገባና ያሠሩትን ሰውዬ ጠራ። ሰውዬው «ሰላም ነው?» ጻፉ፣ ኢንተርን ያዙ፤ አንድ ብቻ ሄደች። እሰየው ተባለ። «ስብሰባ አለ» ብለው ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። ዝም። ደገሙ። ዝም። አድማጩ ሥራውን ጨርሶ ሄዷላ! ሰውዬው ልጁን ቀና ብለው አይተው፣ «ሰላም ከተባባልን በቃን ነው የምትለው?» አሉት።

ልጁ ቡና ላይ ሆኖ «አንዴ ይሁን አሉኝ፣ አንዴ አደረግሁላቸው» ብሎ ተከራከረ። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፦ ጥፋቱ የሰውዬው ነው አልን፤ ልጁ የእኛ ብሎክ ነውና። እውነቱ ግን ዋንስ ራሷ ጥፋት የለባትም። ቦታዋ ሌላ ነው። ገጹ ሲከፈት «ለመጀመር ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ላይ ነው ሥራዋ፤ መጋረጃው በገጹ ዕድሜ አንዴ ነው የሚከፈተውና። በነገራችን ላይ «ማንኛውንም» ሲባል ኪቦርዱን አስተውሎ አይቶ፣ አስቦበት፣ ኢንተርን መርጦ የሚጫን ሰው ከእኛ በቀር አለ? ምርጫ ሲሰጡን እንኳ ትክክለኛውን እንፈልጋለን።

ዋንስን ተወና «ራሴ በእጄ አሰናብተዋለሁ» አለ። አድማጭ መቅጠሪያ እንዳለ ሁሉ ማሰናበቻም አለ። እዚህ ላይ የገጠመውን ሲያስረዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ገባን። ነገሩ ስም የሌለውን ሰው ከዕድር መዝገብ ሰርዙልኝ እንደማለት ነው። አድማጩን ሲቀጥር ስም አልሰጠውም ነበር፤ እዚያው በቦታው ጽፎ አስገባው። ሲያሰናብት ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገልብጦ «ይህን አሰናብት» አለ። ጃቫስክሪፕት መልክ አያይም፤ ቁርጥ ያው ቢመስልም ሁለተኛው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ በመዝገቡ የሌለውን ሰረዘ፤ ያለው እንዳለ ቀረ። ይባስ ብሎ አንዳች የስሕተት መልእክት እንኳ አይወጣም። የእኛ ዕድር ጸሐፊ ቢያንስ «የማን ልጅ ነው?» ይላሉ።

ከዚህ የሚመጣውን መዘዝ ያየው ለአንድ ባለሱቅ በሠራው የደረሰኝ ገጽ ላይ ነው። የሽያጭ መስኮቷ በተከፈተች ቁጥር አዲስ አድማጭ ትቀጥራለች፤ ስትዘጋ ግን የሚሰናበት የለም። መጀመሪያ ስትከፈት አንድ ኢንተር አንድ ደረሰኝ ያወጣል። ሁለተኛ ስትከፈት ሁለት። ሦስተኛ ሦስት። ልጁ ይህን ለምን አላየም ብትሉ፣ ሲፈትን ገጹን እያደሰ ነበር፤ ሲታደስ ሁሉም አድማጮች ስለሚበተኑ ሁሌም መጀመሪያው ነው። ባለሱቁ ግን ጠዋት ከፍቶ ማታ ነው የሚዘጋው። ከሰዓት በኋላ አንድ ኪሎ ስኳር የገዛች ሴትዮ ክንዷን የሚያክል ደረሰኝ ታቅፋ ወጣች፤ ባለቤቷም «ሠርግ አለ እንዴ?» አላት አሉ። ያቺው አድማጭ ስም ኖሯት ተመልሳ ብትመጣ ግን ብራውዘሩ «ገብተሻል» ብሎ ሁለተኛ አይመዘግባትም። ስም ማውጣት ይሄን ያህል ይጠቅማል፤ ልጁ ግን ለፋይሎቹም «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» ነው የሚላቸው።

በነገራችን ላይ ጃቫስክሪፕትን የፈጠረው ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ የመጀመሪያውን ቅርጽ በ10 ቀን ነው ያወጣው። ይህን የሰሙ የቡና ማኅበርተኞቼ አንዷ ስኒዋን አስቀምጣ «በ10 ቀን? እኛ የደረጃውን አምፖል ለመቀየር እንኳ ሦስት ስብሰባ ጠርተናል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጃቫስክሪፕት ክፉ የተናገረ የለም።

ከሌላ ሰው መኮረጅም አለ። ልጆቹ ችግር ሲገጥማቸው የቆየ ኮድ ፈልገው እንዳለ ይለጥፋሉ። በዚያ በቆየው ኮድ ኢንተር በስሟ አትጠራም፤ 13 ናት። የጳጉሜን አገር ልጅ 13 ሲያይ አይደነግጥም፤ ተቀብሎ ይለጥፋል። አሁን በቁጥር መጥራቱ ቀርቷል፤ በስሟ «ኢንተር» በሏት ተብሏል። የለጠፈው ግን ላፕቶፕ ላይ ይሠራልና አይነካውም። የእኛ ሰው ደግሞ ላፕቶፕ ላይ የለም፤ ስልክ ላይ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ በክሮም ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የትኛውንም ፊደል ቢነኩ የሚመጣው ቁጥር 229 ነው። ሀ ብትሉ 229፣ ሐ ብትሉ 229፣ ኀ ብትሉ 229። ስንት ሊቃውንት የተከራከሩበትን የሞክሼ ፊደል ጉዳይ በአንድ ቁጥር የዘጋው ስልክ ነው። የቁልፍ ወሬ ስልክ ላይ እንዲህ ስለማያስተማምን የሚያውቁት ቁልፉን ሳይሆን ፎርሙን ያዳምጣሉ፤ «ሰብሚት» የሚለውን። የማያውቁት «የተጠቃሚው ስልክ ያረጀ ነው» ይላሉ።

እኛም የምንጫነው ሁሉ ሳናውቅ ነው ማለት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሊለቀቅ ነው በተባለ ምሽት አንድ ቤት ግቡ። ተፈታኟ አንድ ናት፤ ቁጥሯን ይዞ የተቀመጠው ግን አባት በስልኩ፣ አክስት በስልኳ፣ ታላቅ ወንድም በላፕቶፕ፣ ከአሜሪካ ደግሞ አጎት በቪዲዮ «እዚህ ኔትወርኩ ጥሩ ነው፣ እኔ ልሞክር» ይላል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ኤፍ 5ን ተጭኖ ይዟታል፤ ገጹ ሊከፈት ሲል እሱ ራሱ እንደገና ያስጀምረዋል። ገጹ አልከፈት ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሰው በዛበት!» ይላሉ፤ ይህንንም እያሉ ይጫናሉ። ተፈታኟ ኩሽና ሄዳ ፊቷን ታጥባለች። ስትመለስ ውጤቷን ጎረቤት አውቆት ነበር።

ለሚደጋግም እጅ የታሰበ ቸርነትም አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ቁልፍ ላይ ጣታቸው የሚዘገይባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ዊንዶውስ የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ሲይዙት «ፊልተር ኪስ» የሚባል ነገር ላብራ ወይ ይላል፤ እሱ ሲበራ በፍጥነት የተደጋገመውን አይቆጥርም። ይህን ያወቅሁት አባቴ ሺፍት ላይ እጃቸውን ጥለው ዜና ሲያዩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ እሳቸው «ምን አደረግሁት?» ብለው እጃቸውን አነሱ። በእርግጥ እሳቸው ማንኛውንም ነገር ሁለቴ ነው የሚጫኑት። ፎልደር ሁለቴ፣ ድረ ገጽ ሁለቴ፣ «እሺ» የሚለውን ሁለቴ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው «ሁለቴ ነው የሚጫነው» ብሎ አስተማራቸውና ቃሉን ጠበቁ። ልጆች ይስቁባቸዋል፤ እነዚያው ልጆች ሊፍት በር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚጫኑ ግን እኔ አይቻለሁ።

ሳቁ የሚያበቃው ገንዘብ ላይ ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ለባሏ ወንድም ብድር ላከች፤ በስልኳ። «ላክ» አለች፤ ክቧ ነገር መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። «ሲስተም የለም» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው የምትዞር ክብ መታገሥ ከባድ ነው። አውራ ጣቷ ብቻውን ወርዶ ነካው። ሁለት ጊዜ ሄደ። ደወለችለት። «እህቴ፣ ሁለቴ ማሰብሽን እግዜር ሁለቴ ይክፈልሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው።

ይህንን ለአራተኛ ፎቁ ልጅ ነገርነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ቆፍጠን ብሎ መለሰልን። ቁልፉን አንዴ ከተነካ በኋላ ማደብዘዝ ጥሩ ነው፣ አይከፋም አለ፤ ግን ገጽ ላይ ያለ ጥበቃ ሁሉ የበር ላይ ጥበቃ ነው፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስልኩ ራሱ ደግሞ ሊልክ ይችላል። ዋናው ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ ገና ሲጀመር የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ቢመጣ ሰርቨሩ «ይቺን አውቃታለሁ» ይልና ገንዘቡን ሳይነካ የፊተኛውን መልስ ይሰጣል። ያኔ ጣት መቶ ጊዜ ቢወርድ ብር የሚወጣው አንዴ ነው። እናቱ ይህን ስትሰማ ዙሪያዋን አየችን፤ «ሥራ ላይ ነው ስላችሁ!»

እንግዲህ እናንተ ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ሪፒትን አትርሷት፣ አድማጮቻችሁን ስም አውጡላቸው፣ ሰርቨሩንም አደራ። እኛን «ደጋግማችሁ አትጫኑ» ብሎ መምከር ግን ይቅርባችሁ፤ እንጫናለን። ከእናንተ ሌላ አንድ የምለምነው ሰው ደግሞ አለ፦ ሁለቴ የተላከለት። ጌታዬ፣ ስልክህን ክፈትና የእኅታችንን ብር መልስላት። ስትመልስ አደራህን፣ አንዴ ብቻ ተጫን።